ተነስተን ያዜምነው የሰው አገር መዝሙር

የተያዝኩት ጢሜን እየተላጨሁ ሳለ ነው። የቀኝ ጉንጬን ጨርሼ ወደ ግራው ልዞር ስል ሦስት የአብዮት ጥበቃ ጓዶች በሩን ከፍተው ገቡ። አንደኛው ጠመንጃ ይዟል። ሁለተኛው ሬዲዮዬን ከመደርደሪያው ላይ አንስቶ እንደ ሕፃን ታቀፈው። ሦስተኛው ጠረጴዛዬ ላይ የተበተኑትን ወረቀቶች ያገላብጣል።

«ይሄ ምን ዓይነት ኮድ ነው?» አለኝ።

«ኖታ ነው» አልኩት።

«የማን ኖታ?»

«የመዝሙር። እያንዳንዷ ጥቁር ነጥብ አንድ ድምፅ ናት።»

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠግቶ አየው፤ ገልብጦም አየው። «ድምፁን እዚያ ስትደርስ ታሰማናለህ» አለና አጥፎ ኪሱ ከተተው። ሳሙናውን ልታጠብ ብዬ ለመንኳቸው፤ ፈቀዱልኝ። ያን ደግነታቸውን እስከ ዛሬ አልረሳውም። ምላጩን መልሼ መያዝ ግን አልተፈቀደልኝም፤ ስለዚህ እስር ቤት የገባሁት በግማሽ ጢም ነው።

ክፍሉን ከዓይኔ በፊት አፍንጫዬ አወቀው። የላብ፣ የእርጥብ ብርድ ልብስና የአሮጌ እህል ጠረን ነበረው። በሩ ከኋላዬ ተቆለፈ። ከጣራው ሥር ካለች ጠባብ መስኮት በቀር ብርሃን የሚገባበት የለም። ዓይኔ እስኪለምድ ባለሁበት ቆምኩ። ቀስ በቀስ ፊቶች ታዩኝ፤ ግድግዳውን ተደግፈው፣ ጉልበታቸውን አቅፈው፣ ትከሻ ለትከሻ ተጣበው የተቀመጡ ሰዎች። ሁሉም እኔን ያያሉ። ከወደ ጥጉ እግሩን በጨርቅ ጠቅልሎ የተጋደመ ሰው ቀና አለና ፊቴን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ መረመረው።

«ወንድሜ፣ ግማሽህን ፈተውታል እንዴ?» አለኝ።

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። በዚያ ቀን እስቃለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ያ ሰው ዛሬ ካሊፎርኒያ፣ ፌርፋክስ ላይ የበርበሬና የሽሮ ሱቅ አለው። ሐጅ አድርጎ ከመጣ ወዲህ ሐጂ ነው የምለው፤ እሱ ግን ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በስሜ ጠርቶኝ አያውቅም፤ ክላርኔት ይለኛል። ይህን ከመጻፌ በፊት አስፈቅጄዋለሁ። «የሰው ስም አትጥራ፤ ሌላውን እንደ ፈለግህ» አለኝ። ክፍሉ የእህል መጋዘን ነበር ስለው ግን በጄ አይልም፤ ጋራዥ ነው፣ የሚሸተውም ናፍጣ ነው ይላል። በዚህ ጉዳይ እስካሁን አልተስማማንም፤ ከእንግዲህም የምንስማማ አይመስለኝም።

የሬዲዮውን ነገር ላስረዳ። እኔ በአንድ የጦር ክፍል ባንድ ውስጥ ክላርኔት ነፊ ነበርኩ። ሥራችን በአብዛኛው አውሮፕላን ማረፊያ ነው። መንግሥታችን ከሶሻሊስቱ ዓለም ጋር አዲስ ወዳጅነት የጀመረበት ጊዜ ስለነበር እንግዳ ይጎርፋል፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር የአገሩ መዝሙር ይነፋል። የሶቪየት ኅብረትን መዝሙር ተኝተንም እንነፋው ነበር። ኖታው ከሞስኮ የመጣው በወፍራም ወረቀት ላይ ታትሞ፣ ለየመሣሪያው ለየብቻው ተዘጋጅቶ ነው፤ ለከበሮ መቺው እንኳ የራሱ ቅጠል አለው። ትልቅ አገር ማለት ይሄ ነው እንባባል ነበር፤ ለከበሮ መቺ የሚያስብ አገር።

አንድ ቀን የባንዱ አዛዥ ቢሮው ጠራኝ። ከወደ አፍሪካ ደቡባዊ ክፍል ቅኝ ገዢዎቿ ገና መውጣታቸው የሆነ፣ ባንዲራዋን ከሰቀለች ዓመት ያልሞላት አንዲት አገር ነበረች። መሪዎቿ ከሶቪየቶች ጋር የወዳጅነት ውል ሊፈርሙ ወደ ሞስኮ ይሄዳሉ፤ በመንገዳቸውም አዲስ አበባ ያርፋሉ፤ የሶቪየቱ አምባሳደር ራሱ ማረፊያው ድረስ ሄዶ ከእኛ ባለሥልጣናት ጋር ይቀበላቸዋል ተባለ። ሦስት መዝሙር ይነፋል ማለት ነው። የሁለቱ አለን፤ የሦስተኛዋ የለንም። ኤምባሲ አልከፈተችም፤ የታተመ ኖታም ያላት አይመስልም።

«አንተ ጆሮ አለህ» አለኝ አዛዡ። «ሬዲዮ ጣቢያቸው ማታ ማታ በአጭር ሞገድ ይሰማል፤ ዜና ከማለታቸው በፊት መዝሙሩን ያሰማሉ አሉ። እያዳመጥክ ጻፈው።»

ትእዛዙ በቃል ነበር፤ በባንድ ውስጥ ማንም ማንንም በጽሑፍ አዞ አያውቅም። ሬዲዮዬን እያዟዟርኩ አዳመጥኩ። ድምፁ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ በሌላ ጣቢያ ይዋጣል። በተለይ መሃሉ ላይ ሁልጊዜ ይጠፋብኛል፤ አንድ ማታ ሁለት ድምፅ፣ ሌላ ማታ ሦስት እያልኩ ነው እንደምንም የገጣጠምኩት። ከግድግዳው ወዲያ ያለው ጎረቤቴ ደግሞ ከእኔ ቤት የሚወጣ የባዕድ ጣቢያ ድምፅ በየማታው ይሰማል። እሱም ግዴታው ነውና ለቀበሌ ተናገረ። እኔ ከመያዜ ጥቂት ቀደም ብሎ አዛዡ ከቢሮው ተወስዶ ነበር። ወዴት እንደሄደ የሚያውቅ አልተገኘም። ትእዛዙን የሚያውቅ ሰው እኔ ብቻ ቀረሁ።

መርማሪዎቹ ይህን ብነግራቸው አላመኑኝም። አልፈርድባቸውም፤ እኔም በእነሱ ቦታ ብሆን የማምን አይመስለኝም።

አጠገቤ የሚተኛው ነጋዴ፣ የዛሬው ሐጂ፣ የወሎ ልጅ ነው፤ መርካቶ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። ዕቃ ደብቀሃል ተብሎ ነው የገባው። በእሱ ቢያበቃ መልካም ነበር፤ አንድ ሰው ደግሞ ሱቁ ውስጥ የውጭ ሬዲዮ እየሰማ ወሬ ይነዛል ብሎ ጨመረበት። በአሻጥር የተከሰሰ ንብረቱን አጥቶ ሊወጣ ይችላል። ወሬ ነዢ የተባለ ግን ከክፍላችን ሲጠራ ብርድ ልብሱን ለሌላ ሰው ትቶ ነበር የሚሄደው። ወፌ ላላ ሰቅለው ውስጥ እግሩን ገረፉት። ሬዲዮ ኖሮኝ አያውቅም አለ። ደግመው ገረፉት፤ ኖሮኝ አያውቅም አለ። ሬዲዮውን ፈልገው ስላጡ ነገሩ በዚያ ላይ ቆሞ ነበር። እግሩ አብጦ ጫማ አይገባውም፤ ወደ ሽንት ቤት የሚሄደው በሰው ትከሻ ነው። ቀልዱን ግን አላቆመም። አንዳንዴ ያ ቀልድ ያናድደኝ ነበር፤ ሰው እንዲህ ሆኖ እንዴት ይቀልዳል እያልኩ።

እንዲህ እያለን አንድ ረፋድ ላይ በሩ ተከፈተና አንድ መቶ አለቃ ገባ። የሰለቸው፣ ቁጡ ያልሆነ ሰው ነው። ስሜን ጠራ። ተነሳሁ።

«እንግዶቹ ሊመጡ ነው» አለኝ። «አዲሱ የባንድ አዛዥ መዝሙሩን አንተ ታውቀዋለህ ይላል።»

«ጽፌው ነበር፣ ጓድ መቶ አለቃ። ወረቀቱ እናንተ ጋ ነው።»

«ወረቀቱ የለም።»

የት ሄደ ብዬ አልጠየቅሁም። ባዶ ወረቀትና እርሳስ ሰጠኝ።

«ከጭንቅላትህ ጻፈው። እውነት ለመዝሙሩ ብለህ ከሰማኸው ታውቀዋለህ። ካላወቅኸው ግን ያ ወረቀት ኮድ ነበር ማለት ነው። ከሰዓት በኋላ እመጣለሁ።»

ንግግሩ ትክክል ነበር። ማምለጫ የሌለው የሆነውም ትክክል ስለሆነ ነው።

የአንዱን የቆርቆሮ ሳህን ጠርዝ እንደ ማስመሪያ ይዤ መስመሮቹን ሠራሁ። መጀመሪያው ወዲያው መጣልኝ፤ ሰዎች እየተራመዱ የሚያዜሙት የሚመስል ዜማ ነው፤ ይገሰግሳል እንጂ አይደነፋም። መጨረሻውም መጣ። መሃሉ ግን የለም። ያኔም ከብጥስጣሽ የገጣጠምኩት ነበርና አሁን ከጭንቅላቴ ጨርሶ ወጥቷል። ከመጀመሪያው ተነስቼ አንጎራጎርኩ፤ ያ ቦታ ላይ ስደርስ ተቋረጠ። ደገምኩ፤ ተቋረጠ። ክፍሉ ያዳምጠኛል። ጉዳዩ ምን እንደሆነ ሁሉም ሰምቷል።

ይህን ጣቢያ የሰማ አለ ወይ ብሎ መጠየቅ አይቻልም። መጠየቁ ራሱ ሰው መግደል ነው። በሩ አጠገብ የሚተኛ አንድ ሰው ነበር፤ የምንለው ሁሉ ወዲያ ማዶ እንደሚደርስ እንጠረጥረው ነበር። እርሳሱን አስቀምጬ ግድግዳውን ተደገፍኩ። ፈራሁ፤ ሌላ ቃል የለውም። 

ያን ጊዜ ነጋዴው ክርኑን ተመርኩዞ ቀና አለ። ካቦ የምንለውን የክፍሉን አለቃ ጠራው።

«ካቦ፣ እግሬ ዛሬ አልቻለኝም። ለህመሙ መንዙማ ልበልበት?»

«በል፣ ቀስ ብለህ ግን» አለው ካቦ።

በገንኩ። እኔ የጠፋ ዜማ እየፈለግሁ እሱ ሌላ ዜማ ሊያንቆረቁርብኝ ነው። ዝም በል ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኖ ጀመረ። ትክክለኛ የወሎ መንዙማ ነው፤ እሱ ያወርዳል፣ የሚያውቁት ይቀበሉታል። በክፍላችን የወሎ ልጆች ብዙ ነበሩ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ይቀበላል፤ የማያውቁትም ጥቂት ቆይተው ይገባሉ። ወደ ግራና ቀኝ መወዛወዝ ተጀመረ። ከዚያ ቃሉን ተወና በእህህታ ብቻ ቀጠለ። ተቀባዮቹም በእህህታ ይመልሳሉ።

ዜማው እንደተቀየረ መጀመሪያ የነገረኝ እግሬ ነው። የግራ እግሬ መሬቱን እየመታ ነበር። መንዙማ እንዲህ አያስረግጥም፤ ሰልፍ ነው የሚያስረግጠው። ቀና ብዬ አየሁት። ዓይኑ እንደተጨፈነ ነው፤ ግንባሩ በላብ ርሷል። የጠፋብኝ መሃል ከአፉ እየወጣ ነበር። ሬዲዮ ላይ እንደሰማሁት፣ ያውም እኔ በብጥስጣሽ የሰማሁትን እሱ ሙሉውን፣ ሳይሳሳት።

ሬዲዮ ኖሮኝ አያውቅም ያለው ሰው ነው።

እርሳሴን አነሳሁ። እኔን አንዴም አላየኝም። ያንኑ ቦታ ደግሞ አወረደው፤ ክፍሉ ተቀበለው። ሦስተኛ ጊዜ ሲያወርደው እኔ ጽፌ ጨርሻለሁ፤ እሱ ግን አላቆመም። ያኔ አልገባኝም ነበር፤ ለእኔ እየነገረኝ ብቻ ሳይሆን ለሁሉም እያስጠናቸው ነው። ከዚያ ወደ መንዙማው ተመለሰ፤ ቃሉንም አመጣ፤ በዱዓ ዘጋው። ተጋደመና ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ከሰዓት በኋላ መቶ አለቃው መጣ። ወረቀቱን ተቀብሎ ብዙ አየው።

«ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?» አለ።

ከመመለሴ በፊት በር ሥር የሚተኛው ሰው ብድግ አለ። «ጓድ መቶ አለቃ፣ ጠዋት መሃሉ ጠፍቶበት ነበር። ከዚህ ክፍል ያስታወሰው ሰው አለ።»

መቶ አለቃው በዝግታ ዞሮ ክፍሉን ቃኘ። «ማነው?»

 ወደ ነጋዴው እንዳላይ አንገቴን እንደ እንጨት አድርጌ ያዝኩት። በባንድ ውስጥ አዲስ ኖታ ሲመጣ ለየድምፁ ተከፋፍሎ ይሞከራል፤ አንዱ ቢሳሳት በሌላው ይታወቃል። አፌ ላይ የመጣልኝ ይህ ነው።

«ጓድ፣ መዝሙር በአንድ ሰው ድምፅ አይጣራም» አልኩ። «ልክ መሆኑን ለማየት ለሁሉም አስጠንቻቸዋለሁ። የሚያውቁት ሁሉም ናቸው።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም።»

«እንግዲያው አሰሙኝ» አለና በሩን ተደገፈ።

ቀጥሎ ያልኩትን ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ምናልባት ዕድሜዬን ሙሉ መዝሙር ስነፋ ስለኖርኩ ይሆናል። «የአገር መዝሙር ተቀምጦ አይዜምም፤ እንድንቆም ይፈቀድልን» አልኩ። መቶ አለቃው በእጁ ተነሱ የሚል ምልክት አሳየን።

ያ ሁሉ ሰው በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ሲነሳ ቀላል አልነበረም። ብርድ ልብስ ተረገጠ፣ ሳህን ተገለበጠ፣ ሽማግሌዎቹን እየደገፉ አነሷቸው። ነጋዴው ብቻ ቀረ። «አንተ ተቀመጥ» አለው ካቦ። «እናንተ ቆማችሁማ እኔ አልጋደምም» አለ። እኔና ካቦ በብብቱ ገብተን አነሳነው። እግሩ መሬት ሲነካ በጥርሱ መካከል አየር ሲስብ ሰማሁት፤ ክብደቱን በሙሉ እኛ ላይ ጣለው።

አወረድኩ። ቃሉን ስለማናውቀው በእህህታ ነው። መሃሉ ላይ ደረስን፤ እሱ ብቻ ቢያዜም አለቀለት። ግን ክፍሉ በሙሉ ይዞት ሄደ። ወፍራሙም ቀጭኑም ድምፅ፣ የሚስተውም የማይስተውም፣ ሁሉም ያንን ቦታ ከመጀመሪያውም ከመጨረሻውም አጥብቆ ያውቀዋል። የማን ድምፅ የማን እንደሆነ የሚለይ ሰው አልነበረም። በር ሥር የሚተኛው ሰውም አዜመ። ድምፁ ጥሩ ነበር፤ ይህን አልክድበትም።

መቶ አለቃውን አየሁት። ከበሩ ተላቆ ቆሟል። እጆቹ ወርደው የሱሪው ስፌት ላይ ተለጥፈዋል፤ አገጩ ቀና ብሏል። ለምዶበት ነው መሰለኝ፤ ወታደር መዝሙር ሲሰማ ሰውነቱ ራሱ ይታዘዛል። እስክንጨርስ አልተንቀሳቀሰም።

«ይበቃል» አለ። ወረቀቱን ኪሱ ከተተው። ሊወጣ ሲል ዞር ብሎ «የማን አገር ነው ያላችሁት?» ሲል ጠየቀ። ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀና በሩን ዘጋው።

እኔም ያን ቀን ነው የማላውቀውን ነገር ያወቅሁት። የባንድ ሰው መዝሙር ይነፋል እንጂ ቀጥ ብሎ ቆሞ አይሰማም። መሣሪያ ሳልይዝ ለመዝሙር ስቆም የመጀመሪያዬ ነበር።

ነጋዴውን መልሰን ካስተኛነው በኋላ ጆሮው ሥር ተጠግቼ «ለምን?» አልኩት።

«ግማሽ ጢም ይበቃሃል» አለኝ። «በላዩ ግማሽ መዝሙር አይጨመርም።»

ከዚያ በላይ አላወራንበትም። እኔ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተፈታሁ፤ አዲሱ የባንድ አዛዥ ክላርኔት ነፊ አንሶት ነበር። እሱ ሁለት ክረምት ቆየ፤ በመጨረሻ በአሻጥሩ ብቻ ቀጡትና ሱቁን አጥቶ ወጣ።

ወደ ባንዱ ስመለስ መዝሙሩ እንዴት ሆነ ብዬ ጠየቅሁ። ጓደኞቼ ተያዩ። ባንዱ ተለማምዶ፣ ዩኒፎርሙን ተኩሶ፣ ቀዩ ምንጣፍ ተነጥፎ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነበር። ከዚያ ወደ ቤታችሁ ሂዱ ተባሉ። ሶቪየቶቹ የራሳቸውን አውሮፕላን ልከው እንግዶቹን በሌላ መንገድ በቀጥታ ወስደዋቸዋል። ለባንዱ ቀርቶ ለእኛ ባለሥልጣናትም በጊዜው የነገራቸው አልነበረም። እንግዶቹ ራሳቸው ተጠይቀው እንደሆነ አላውቅም። ቅኝ ገዢዎቿን ካባረረች ዓመት ያልሞላት አገር የመጀመሪያ ጉዞዋን በሰው አውሮፕላን፣ ሰው በመረጠላት መንገድ ሄደች። እኛም ብንሆን ከዚያ የተሻለ መንገድ አልመረጥንም። ይህን ሳስብ አዝናለሁ፤ ግን አንድ ነገር ደስ ይለኛል። ያ መዝሙር በእኛ ምድር አንዴ ተሰምቷል፤ ያዜሙትም የሰሙትም ሰዎች ተነስተው ነበር። ለእንግዶቹ ግን ይህን የነገራቸው የለም።

አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ፌርፋክስ አካባቢ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ብዙ ዓመት ሠራሁ፤ ኋላም አዛውንት በመንከባከብ ሥራ ቶራንስ ድረስ እመላለስ ነበር። አንድ ቀን ሽሮ ልገዛ አዲስ የተከፈተ ሱቅ ገባሁ። ሴት ልጁ ዲቪ ደርሷት በኋላ ያመጣችው አንድ አባት ሚዛኑ ላይ ጎንበስ ብሏል። ቀና ብሎ ፊቴን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ መረመረው።

«ሌላኛውን ግማሽ ተላጨኸው?» አለኝ።

ከዚያ ወዲህ በመካከላችን አንድ ደንብ አለ። አንዳችን መዝሙሩን ከጀመርን ሌላው የት ቢቀመጥ መነሳት አለበት። ደንበኛ እያለም ቢሆን፣ ምሳ አፉ ውስጥ ቢሆንም። ደንቡን ያወጣው እሱ ነው፤ የሚጥስበት ሲያጣ የሚከፋውም እሱ ነው። አንድ ነገር ግን ሁልጊዜ አያለሁ። መሃሉ ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርግና ወደ በሩ ዞር ብሎ ያያል። ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ በገዛ ሱቁ። ጠይቄው አላውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ የሐጂ ሴት ልጅ ከምኖርበት ከካልቨር ሲቲ ይዛኝ መጣች። ጉልበቴን ቀዶ ሕክምና ስላደረግሁ ራሴን ችዬ ድራይቭ አላደርግም። ሱቁ ውስጥ ዝቅ ያለች ወንበር አገኘሁና መደገፊያ ዎከሬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ተቀመጥኩ። ሐጂ ከመደርደሪያው ኋላ ሆኖ ጀመረ።

«ዛሬስ ይቅርብኝ» አልኩት።

«መዝሙር ላይ ይቅርብኝ የለም።»

ልጁ ከስልኳ ቀና አለች። «አባ፣ ይሄ ሁልጊዜ የምትሉት ነገር የየትኛው አገር መዝሙር ነው?»

ነገርናት። ስልኳን መነካካት ጀመረች። «ኦኬ፣ ሰርች አድርጌ አገኘሁት» አለችና ከፈተችው። ትልቅ ባንድ ነው፤ ያማረ መዝሙር ነው፤ የእኛ ግን አይደለም። ሁለታችንም «ይሄ አይደለም» አልን።

«ሶ ለውጠውታል ማለት ነው» አለች እያነበበች። «የድሮው ኦዲዮ ደግሞ እዚህ የለም። ጋሼ፣ የናንተ ሶቪየት እንኳ ራሷ የለችም እኮ። ታዲያ ይሄን አሁን ማን ያውቀዋል?»

ሐጂ ወደ እኔ አየ፤ እኔም ወደ እሱ። የእኛ አገር መዝሙርም ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። የሞስኮው መንግሥት በወፍራሙ ወረቀት ካሳተመው ሁሉ ጋር ሄዷል። ከዚያ ክፍል ውስጥ በሕይወት ያሉትን ብንቆጥር ሁለታችንን ነው የምናውቀው።

«እኛ እናውቀዋለን» አለ ሐጂ።

«እንግዲያው ሪከርድ ላድርጋችሁ?»

ሐጂ ስልኳን አየው። የዚያን ጊዜ ፊቱ ላይ የነበረውን አውቀዋለሁ፤ ላብ የወረደው ግንባር ያው ነው፣ ሸብሽቧል እንጂ።

«ማን ይሰማዋል?» አላት።

«ማንም፣ አባ። እኔ፤ ልጆቼ። ካልፈለግህ ዲሊት አደርገዋለሁ።»

 ከመደርደሪያው ኋላ ወጥቶ እግሩን እየጎተተ መጣ፤ ያ እግር መቼም ልክ አልሆነም። ከፊቴ ቆመና እጁን ብብቴ ሥር አስገባ።

«ተነስ፣ ክላርኔት» አለኝ።

«አልችልም፣ ሐጂ።»

«እኔስ ያኔ እችል ነበር?»

አነሳኝ። ሰማንያውን የተጠጋ ሰው ነው፤ ከየት እንዳመጣው አላውቅም፤ ክብደቴን በሙሉ ጣልኩበት። ጉልበቴን አመመኝ፤ በጥርሴ መካከል አየር ሳብኩ። ልጁ ስልኳን ከፍ አድርጋ ያዘች፤ እሷም ሳታውቀው እግሯን ገጥማ ቆመች። እኔ አወረድኩ፤ እሱ ተቀበለ፤ መጀመሪያውን አብረን ሄድን። የሱቁ በር ተከፈተና አንድ የማናውቀው ደንበኛ ገባ። ሐጂ ወደ በሩ አልዞረም።

መሃሉ ላይ ስንደርስ እኔ ዝም አልኩ። እሱ ብቻውን አዜመው።